የሽንሌው ግንብ ለምን ጎበጠ

ጅቡቲ፣ ኅዳር 4 ቀን 2000 ዓ.ም.

ለአክስቴ የልጅ ልጅ፣ ለውድ ሶሲና፤

ከሁሉ አስቀድሞ ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? እኔ ከጆሮዬ በስተቀር ደህና ነኝ፣ ተመስገን። ስልክ ደውለሽ እንደነበር የጎረቤቴ ልጅ ነግራኛለች። አትድከሚ። ሃያ ስድስት ዓመት ወደብ ላይ ከክሬን ሥር የቆመ ጆሮ ስልክ አይሰማም። ደብዳቤ ይሻለኛል። ዴቅ የሚባል የጭነት መኪና ሾፌር አለ፤ ድሬዳዋ ይመላለሳል፣ ታማኝ ሰው ነው፣ በእሱ ላኪልኝ።

ጅጅጋ የመንግሥት ሥራ እንደያዝሽ ሰማሁና ደስ አለኝ። እናትሽ፣ ነፍሷን ይማር፣ ይህንን ብታይ። ወንድሜ ኃይለመስቀል ግን የጻፈልኝ ነገር አልገባኝም። «ሶሲና ተምራ ተምራ አበባ ተካይ ሆነች» ይላል። እውነት ነው? ሽንሌም ለሥራ እንደምትመጪ ነግሮኛል። ከመጣሽ አደራ፣ ቤት ገብተሽ እይልኝ። እግሩ ከዕለት ወደ ዕለት እየባሰ ነው መሰለኝ፣ እሱ ግን አይናገርም። ሐዲድ ላይ የሠራ ሰው ጉልበቱ መጀመሪያ ያልቃል። ቤቱ የአባታችን ነው፤ ጡረታዬን ስወጣ እኔም እዚያው ከሱ ጋር ለመቀመጥ ነው ሐሳቤ። የሚያስፈልገው ነገር ካለ ሳትደብቂ ጻፊልኝ።

በያለሽበት እግዚአብሔር ይከተልሽ።

ያንቺው ሽመክት


ጅጅጋ፣ ታኅሣሥ 19 ቀን 2000 ዓ.ም.

ይድረስ ለማከብርዎ ጋሽ ሽመክት፤

የእርስዎ ደብዳቤ ሲደርሰኝ የእናቴን ድምፅ የሰማሁ ያህል ሆነብኝ። ጤናዎን እግዚአብሔር ይጠብቅልኝ። እኔ ደህና ነኝ፤ ትንሽ ደክሞኛል እንጂ።

ጋሽ ኃይለመስቀል ያሉት ከእውነት ብዙ አይርቅም። ቢሮ ውስጥም «የአበባዋ ልጅ» ነው የምባለው። ሥራዬ የመልክዓ ምድር ንድፍ ይባላል። ከተማ ሲሠራ ቤቱንና መንገዱን ሌሎች ይነድፋሉ፤ እኔ ክፍት የሚቀረውን ነው የምነድፈው። ውሃ የሚወርድበትን፣ ከብት የሚያልፍበትን፣ ሰው ጥላ ሥር የሚቀመጥበትን። አለቆቼ ግን እንግዳ በመጣ ቁጥር አደባባዩ ላይ ችግኝ እንድደረድር ይፈልጋሉ። እንግዳው ይሄዳል፣ ችግኙ ይደርቃል፣ ሌላ እንግዳ ይመጣል። በዚህ ዓመት ሦስት ጊዜ ተክለናል።

የሽንሌው ለዚህ ነው ደስ ያለኝ። ከድሬዳዋው ጎርፍ ወዲህ ሁሉም ስለፈራ፣ ከተማዋን የሚነካው ደረቅ ወንዝ ዳር ዳሩን ታጥሮ ዛፍ እንዲተከልበት፣ ከዳርም በሽቦ ሳጥን ድንጋይ ታጭቆ ግንብ እንዲሠራ ተፈቀደ። ንድፉ የእኔ ነው። መጀመሪያ ሰዎቹን ልጠይቅ ብዬ ስብሰባ ጠራሁ። ከወንዙ ማዶ የሚኖሩ ዋርፋ የሚባሉ ሽማግሌ ተነሡና፣ «ጠረጴዛ ላይ አይታይም፣ ነይ ተከተይኝ» አሉኝ። በወጣትነታቸው ባቡር ጣቢያ ጭነት ሲያወርዱ ስለኖሩ አማርኛቸው ጥርት ያለ ነው። እንደ አገሩ ልማድ አዴር ዋርፋ እላቸዋለሁ፤ አጎቴ ማለት ነው። በብትራቸው መሬቱን እየነኩ ሁለት ቀን ሙሉ ወንዙን ወረድን። «በአባቴ ጊዜ እዚህ ድረስ ሞልቷል። እዚህ ጋ ተጣጥፎ ይተኛል። ይህን ቦታ ከከለከልሽው ይቆጣል።» ባሉበት ሁሉ ካስማ ተከልኩ። በኋላ በመሣሪያ ስለካው አንድም ቦታ አልተሳሳቱም። ባለቤታቸው ደሃቦ የግመል ወተት ሰጠችኝና ወተት ሻጮቹ ሴቶች መኪና የሚጠብቁበት ቦታ ጥላ እንዲደረግላቸው ለመነችኝ። ንድፉ ውስጥ አስገብቻለሁ።

ጋሽ ኃይለመስቀልን ሁለት ጊዜ ጠይቄያቸዋለሁ። ያለ ምርኩዝ አይራመዱም፤ ግን ጨዋታቸው አልቀነሰም። ከአዴር ዋርፋ ጋር ጎረቤትም ጓደኛም ናቸው። ቤቱ ቆርቆሮው ዝጓል እንጂ ግድግዳው ጠንካራ ነው።

ለዛሬው በዚህ ይብቃኝ። ባሉበት ሰላም ያክርምዎ።

ሶሲና


ጅቡቲ፣ የካቲት 8 ቀን 2000 ዓ.ም.

ለሶሲና፤

ሰላም ለአንቺ ይሁን። ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ስለ ውሃው ጽፈሽልኛል፣ ስለ ሽማግሌው ጽፈሽልኛል፣ ስለ ቆርቆሮው ዝገት እንኳ ጽፈሽልኛል። የአባቴ ቤት ግድግዳ ላይ ቀይ ቀለም እንደተቀባ ግን አልጻፍሽልኝም። ይህን ከወንድሜ ነው የሰማሁት። ቀይ የተቀባ ቤት ይፈርሳል አሉ። ቀቢዎቹን የላከው ደግሞ የአንቺ ካርታ ነው አሉ።

ለምን ዝም አልሽኝ?

ምትክ ቦታ ይሰጠዋል እንዳትዪኝ። ዳገቱ ላይ፣ ከውሃም ከገበያም ርቆ፣ በእነዚያ እግሮች ቤት ሊሠራ? ወንድሜ እዚያ ቤት ተወለደ። ከወጣ ዓመት አይቆይም፤ አውቀዋለሁ።

የ1983ቱን አላነሣም። አባትሽ ወታደር ነበርና መንግሥት ሲወድቅ እናትሽ አንቺን ይዛ ድንበር ተሻግራ ስትመጣ ሰባት ዓመትሽ ነበር። በአንዲት ክፍል ስድስት ሆነን ሁለት ዓመት ኖረናል፣ አንድም ቀን ጠበበን አላልኩም። አሁንም አልልም። የምጠይቅሽ አንድ ነገር ነው። መስመሩን የምታሰምሪው አንቺ ከሆንሽ፣ ትንሽ ፈቀቅ አድርጊው። ሠላሳ እርምጃ። ውሃ ሠላሳ እርምጃ ምኑ ነው?

መልስሽን እጠብቃለሁ።

ሽመክት


ጅቡቲ፣ ሚያዝያ 2 ቀን 2000 ዓ.ም.

ለሶሲና፤

ለጤናሽ እንደምን ነሽ? ዴቅ ሦስት ጊዜ ተመላልሶ ባዶ እጁን መጣ። ተቆጥተሽ እንደሆነ አላውቅም። እኔ አልተቆጣሁም። ወንድሜ ዕቃውን ማሠር ጀምሯል፤ መሄጃ የለውም ግን ያሥራል።

ሽመክት


ጅጅጋ፣ ግንቦት 14 ቀን 2000 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሽ ሽመክት፤

ጤና ይስጥልኝ። ስለ ቆየሁ ይቅርታ።

መስመሩ ተዛውሯል። ግንቡ ከቤቱ ጀርባ መሆኑ ቀርቶ ከፊት ለፊቱ በወንዙ በኩል ይሠራል። እዚያ ቦታ ላይ ብቻ ወደ ወንዙ ይጎብጣል። አለቃዬ ምክንያቱን አልጠየቀኝም፤ ካሣ ስለቀረለት ደስ ብሎት ፈረመ። ጋሽ ኃይለመስቀል ቀለሙን ማስለቀቅ ይችላሉ።

ሶሲና


ጅቡቲ፣ ሰኔ 30 ቀን 2000 ዓ.ም.

ለልጄ ለሶሲና፤

ከዛሬ ጀምሮ ልጄ ነው የምልሽ። እግዚአብሔር ዕድሜሽን እንደ ባሕሩ ያርዝመው፤ እጅሽ የነካው ሁሉ ይለምልም። ወንድሜ ቀለሙን በኖራ ሸፍኖ የደስታውን ደብዳቤ ጻፈልኝ። ቆርቆሮ የምታስለውጡበት ትንሽ ነገር በዴቅ ልኬያለሁ። ደግሞ አንድ ነገር ልለምንሽ፤ ጓሮው ውስጥ የሎሚ ችግኝ ትከይልኝ። ከእንግዲህ የቀረኝ ሦስት ዓመት ነው። መጥቼ ከሥሩ እቀመጣለሁ።

ደብዳቤሽ አጭር ነበር። ሥራ በዝቶብሽ ይሆናል።

አባትሽ ሽመክት


ጅቡቲ፣ መስከረም 12 ቀን 2002 ዓ.ም.

ለልጄ ለሶሲና፤

አዲሱ ዓመት የጤና ይሁንልሽ። አንድ ዓመት ከምናምን ሆነ ካንቺ ወረቀት ካየሁ። ሎሚው መተከሉን እንኳ የነገረኝ ወንድሜ ነው።

ዴቅ ሽንሌ ውሃ መጣ አለኝ። ሰው ተወሰደ ይላል፤ ማን እንደሆነ አያውቅም። ኃይለመስቀል ደግሞ «እኛ ደህና ነን» ከምትል አንዲት መስመር ሌላ አልጻፈም። እሱ በአንዲት መስመር የሚያቆም ሰው አይደለም። ምን ሆናችሁ ነው? በፈጠረሽ ጻፊልኝ።

ሽመክት


ጅጅጋ፣ ጥቅምት 25 ቀን 2002 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሽ ሽመክት፤

እንደምን ከረሙ? ይህን ደብዳቤ አራት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ። አሁን እንደ መጣልኝ እጽፋለሁ፤ ይታገሱኝ።

ነሐሴ አሥራ ሦስት ቀን ነው። ሽንሌ ላይ ጠብታ አልጣለም፤ ዝናቡ የጣለው ከላይ ደጋው ላይ ነው። ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ውሃው መጣ። የእርስዎ ቤት ምንም አልሆነም። ግንቡ ያዘው። ጋሽ ኃይለመስቀል በራቸው ላይ ተቀምጠው አዩት፤ ከግንቡ ጉብጠት ጋር ሲጋጭ ውሃው ዞረና ማዶ ያለውን ዳር መታው። ማዶ በአባቶቻቸው ጊዜ እንኳ ውሃ ያልደረሰበት ነው። ሰባት ቤት ሄደ። ሰዎቹ ሲጮሁ ሁሉም ወጣ። ደሃቦ ግን የታሠሩ ፍየሎች ነበሯትና ልትፈታ ተመለሰች። ከሁለት ቀን በኋላ ከከተማው በታች አገኟት።

ደሃቦ የአዴር ዋርፋ ባለቤት ናት። ወተት የሰጠችኝ።

ግንቡ ሲሠራ አዴር ዋርፋ አንድ ቀን ጠርተውኝ፣ «ሶሲና፣ እዚህ ጋ ለምን ጎበጠ? ካስማውኮ ከኃይለመስቀል ቤት ጀርባ ነበር» ብለውኝ ነበር። «ጥናቱ ነው እንደዚያ ያለው» አልኳቸው። «ጥናቱ ካለማ» አሉና ሄዱ።

ባለፈው ሳምንት ጅጅጋ መጡ። ባቢሌ አድረው፣ በሁለት አውቶቡስ። ንጹሕ ሽርጥ ለብሰው ቢሮዬ በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ሊከሱኝ ነው የመጡት ብዬ፣ ይመኑኝ፣ ደስ አለኝ። አስገባኋቸው። ወንበር ጫፍ ላይ ተቀመጡና፣ «ይቅርታ ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት» አሉኝ።

«የምን ይቅርታ፣ አዴር?»

«ያሳየሁሽ ስሕተት ነበር። አርጅቻለሁ፤ የአባቴን ነገር ከሌላ ቦታ ጋር አምታትቼዋለሁ መሰለኝ። አንቺ ልጅ ነሽ፣ አምነሽኝ ሠራሽ። ደሃቦን የገደለው የእኔ ጭንቅላት ነው። ባለሥልጣናት አንቺን እንዳይጠይቁ ራሴ ልንገራቸው ብዬ ነው።»

ጋሽ ሽመክት፣ ያኔ መናገር ነበረብኝ። አፌን ከፈትኩ። «አይደለም፣ አዴር» አልኩ። ቀሪውን ትቼ ሻይ አስመጣሁላቸው። ጠጡ፣ መረቁኝ፣ ሄዱ።

ለእርስዎ የጻፍኩት ለሌላ ለማን እንደምነግር ስላላወቅኩ ነው። እርስዎን መውቀሴ አይደለም። ልምዱም እውቀቱም የነበረኝ እኔ ነኝ። ሠላሳ እርምጃ ምን እንደሆነ አውቅ ነበር።

ሶሲና


ጅቡቲ፣ ኅዳር 20 ቀን 2002 ዓ.ም.

ለሶሲና፤

ደብዳቤሽን አንብቤ ወዲያው አቃጠልኩት። አንቺም ይህን አቃጥይ። እንዲህ ያለ ነገር በወረቀት አይጻፍም። ውሃ የእግዚአብሔር ሥራ ነው፤ ማን ያዝዘዋል? ሽማግሌው ራሱ ጥፋቱን ከወሰደ፣ ተይው ይውሰደው። እሱን የሚከሰው የለም፣ አንቺ ግን ወጣት ነሽ፣ ትታሠሪያለሽ። ለማንም አትናገሪ። ለኃይለመስቀልም ቢሆን።

ሽመክት


ጅቡቲ፣ ጥር 27 ቀን 2003 ዓ.ም.

ለሶሲና፤

ሰላምታዬን ከተቀበልሽኝ፣ እንደምን ነሽ?

ዝም ካልሽ አንድ ዓመት ከሁለት ወር ሆነ። ዝምታሽ ይገባኛል። ያን ደብዳቤ የጻፍኩት ፈርቼ ነው። ለአንቺ ፈራሁ ብዬ ራሴን አታልዬ ነበር፤ የፈራሁት ግን ለራሴ ነው። ሠላሳ እርምጃ ያልኩት እኔ ነኝ። 1983ን «አላነሣም» ብዬ ያነሣሁት እኔ ነኝ። ስድሳ ሦስት ዓመቴ ነው፤ እንዲህ ዓይነት ሰው መሆኔን ሳላውቅ ነው የኖርኩት።

አሁን የምጽፍልሽ ኃይለመስቀል በላከልኝ ደብዳቤ ምክንያት ነው። ዋርፋ በየቀኑ እኛ ቤት በር ላይ መጥቶ ይቀመጣል። ድሮ ከብት ከመነዳቱ በፊት ልጆቹ ዳሂርና ሱጉሌ አባታቸውን ሳይጠይቁ አይወጡም ነበር፤ ሣሩ የት ነው፣ ውሃው የት ነው ብለው። ከጎርፉ ወዲህ አይጠይቁትም። ስብሰባም አይጠራም። እሱም አይናገር፤ «እኔ የማውቀው ነገር የለም» ይላል። ኃይለመስቀል፣ «ሽመክት፣ ይህ ሰው በሕይወቱ አንድ ቀን ቦታ ሲስት አላየሁትም፤ ምን እንደነካው አልገባኝም» ብሎ ጻፈልኝ። ወንድሜ ምንም እንደማያውቅ ያን ጊዜ ገባኝ።

እኔ መጥቼ ልንገረው ብዬ ነበር። ግን ካስማውን ያዛወርኩት እኔ አይደለሁምና የእኔ ቃል ለእሱ ምንም አያደርግለትም። «ልክ ነበርክ» ልትዪው የምትችዪው አንቺ ብቻ ነሽ። ቤቱን በተመለከተ ለኃይለመስቀል ለብቻው ጽፌለታለሁ፤ ሁሉንም። የሚወስነው እሱ ነው፤ እኔ ከእንግዲህ ስለዚያ ቤት ምንም አልጠይቅም።

እሥር ካለው እኔም ስሜን እሰጣለሁ።

ሽመክት


ሽንሌ፣ ሰኔ 6 ቀን 2003 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሽ ሽመክት፤

ጤናዎ እንዴት ነው? ጆሮዎስ? ደብዳቤዎ ደረሰኝ። ወዲያው አልሄድኩም፤ ሁለት ወር ፈጀብኝ። በመጀመሪያ ለቢሮው ጻፍኩ። ካስማውን ማን እንዳዛወረ፣ ለምን እንዳዛወረ፣ በሁለት ገጽ። አለቃዬ ጠርቶኝ፣ «ይህ ፋይል ተዘግቷል፣ ለምን ትቆፍሪዋለሽ?» አለኝ። ገጾቹን መሳቢያው ውስጥ አስገባቸው። እኔን ወደ ችግኝ ጣቢያ አዛወረኝ። አልታሠርኩም። ቅጣቱ ይህ ነው፤ ደመወዜም አልተነካም።

ከዚያ ሽንሌ መጣሁ። ጋሽ ኃይለመስቀል የእርስዎን ደብዳቤ በኪሳቸው ይዘው ነበር የጠበቁኝ። ምርኩዛቸውን ይዘው አብረውኝ ተነሡ። ማዶ፣ አዴር ዋርፋ አዲስ የሠሩት ጎጆ ደጃፍ ላይ ግራር ሥር ተቀመጥን። ልጆቻቸው ዳሂርና ሱጉሌም ነበሩ፤ እኔው ነኝ ይቆዩልኝ ያልኩት።

ሁሉንም ነገርኳቸው። የእርስዎን ልመና፣ የእኔን መስመር፣ «ጥናቱ ነው» ያልኩትን፣ ቢሮ መጥተው ሻይ ያጠጣኋቸውን ቀን። ሱጉሌ አማርኛ ስለማይሰማ ዳሂር እየተረጎመለት ነበር፤ መካከል ላይ ተወው። ዳሂር ተነሥቶ እላዬ ላይ ቆመ። ይመታኛል ብዬ ጠበቅኩ። ጋሽ ኃይለመስቀል ምርኩዛቸውን ተደግፈው ሊነሡ ሲሉ አዴር ዋርፋ በእጃቸው ብቻ ሁለቱንም አስቀመጧቸው።

«ስለዚህ ያሳየሁሽ ልክ ነበር?» አሉኝ።

«ልክ ነበር።»

«ሁሉም ካስማ?»

«ሁሉም፣ አዴር። አንድም አልሳቱም።»

ያን ጊዜ አለቀሱ። እኔ ስለ ደሃቦ ነው ብዬ አሰብኩ፤ ስለሷም ይሆናል። ግን ወደ ልጆቻቸው ዞረው በሶማልኛ አንድ ነገር አሉ። ዳሂር አንገቱን ደፋ። ምን እንዳሉ ጋሽ ኃይለመስቀል በኋላ ነገሩኝ፤ «ሁለት ዓመት ሙሉ እንደ ሞኝ አይታችሁኛል፤ እኔም አምኛችሁ ነበር» ነው ያሉት።

ከዚያ ወደ እኔ፣ «አሁን ሂጂ። ይቅር እንድልሽ ዛሬ አትጠይቂኝ» አሉኝ። ሄድኩ።

ጋሽ ኃይለመስቀል በሳምንቱ ከቤቱ ወጡ። ማንም አላስገደዳቸውም። ዳገቱ ላይ ምትክ ቦታው እስካሁን ባዶ ነበር፤ የሰፈሩ ሰዎች ሁለት ክፍል አቆሙላቸው። ቢሮው ለማፍረሻ በጀት የለም ስላለ የግንቡን ሽቦ ሰዎቹ ራሳቸው ቆረጡት፣ ድንጋዩንም በጋሪ እያመላለሱ መስመሩ መጀመሪያ በነበረበት ቦታ ደረደሩት። እኔም ፈቃድ ወስጄ ሦስት ሳምንት ድንጋይ ተሸክሜያለሁ። እጄ ቆሳስሎ የሚያዝ ቦታ የለውም። የአባትዎ ቤት ግድግዳ ትናንት ወረደ። ድንጋዩ ጥሩ ስለሆነ ለግንቡ ውሏል። ይህን መስማት እንደሚከብድዎ አውቃለሁ።

ዛሬ ጠዋት ዳሂር መጥቶ፣ «አባቴ ወንዙን እንደገና ሊያሳይሽ ነው፣ ደብተርሽን ያዢ» አለኝ። ሄድኩ። አዴር ዋርፋ ከፊት ብትራቸውን ይዘው፣ ግራና ቀኝ ልጆቻቸው፣ እኔ ከኋላ። ሰላምታዬን አልመለሱልኝም። በየቦታው እየቆሙ ያሳያሉ፣ ግን ከእኔ ጋር አማርኛ መናገር ትተዋል። በሶማልኛ ለልጆቻቸው ይናገራሉ፤ ልጆቹ ይጠይቋቸዋል፣ እሳቸውም ረጋ ብለው ይመልሳሉ። ዳሂር አንዳንዱን ብቻ ይተረጉምልኛል። ከላይ እስከ ታች እንደዚያ ወረድን። ወደ እኔ አንድ ጊዜም አልዞሩም።

ዳሂር ያለኝን ሁሉ ጻፍኩ። ያልገባኝን ደግሞ እንዲደግምልኝ ጠየቅኩ።

እግዚአብሔር ያጽናዎ፤ እኔንም።

ሶሲና